የካባ ገደል በኮምፒውተር፦ ከለገጣፎ ወጣ ያለ የኢግኒምብራይት እርከን ሞዴል፣ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

የካቲት፣ ልኬት

የሥራው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ የካባ (የድንጋይ ማውጫ) ገደል ክረምቱን ቆሞ ያልፋል ወይስ አያልፍም? ከሥሩ ድንጋይ ፈላጮችና ጠራቢዎች ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፤ መልሱ ለእነሱ ነው።

እርከኑ 12 ሜትር ይሆናል፣ ፊቱ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ከላይ ኢግኒምብራይት አለ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ በሙቀቱ የተጣበቀ የአመድ አለት። ከአፋፉ 10 ሜትር ዝቅ ብሎ ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ ቀይ፣ ጭቃማ ንብርብር ይታያል። ይህ በሁለት ፍንዳታዎች መካከል መሬት ላይ የነበረ አፈር ነው፤ በላዩ ትኩስ አመድ ተከምሮበት ቀርቷል። ከሱ በታች ጠንካራ ባዛልት ነው። ቀዩ ንብርብር ወደ ካባው ጉድጓድ በ14 ዲግሪ ያዘነብላል። ኢግኒምብራይቱ ሲቀዘቅዝ የተፈጠሩ ቀጥ ያሉ ስንጥቆች አሉት፤ ገደሉን በአማካይ 1.2 ሜትር ስፋት ባላቸው ዓምዶች ይከፍሉታል። ከአፋፉ 4 ሜትር ወደ ኋላ አንዱ ስንጥቅ ከሌሎቹ ይበልጥ ተከፍቷል፤ የእጅ መዳፍ በጎኑ ያስገባል፣ ውስጡ ሣርና አፈር ገብቶበታል።

መሣሪያዎቹ፦ የጂኦሎጂ ኮምፓስ፣ የ30 ሜትር መለኪያ፣ ገመድ፣ የስልክ ካሜራ። ከ60 እስከ 80 በመቶ ተደራርበው የተነሡ ፎቶዎች ገደሉን በኮምፒውተር በሦስት አውታር (3D) ለመሥራት ይበቃሉ። ግን ሚዛን የሚይዝ ነገር በፎቶው ውስጥ መኖር አለበት። ርዝመታቸው የታወቀ ሁለት ቀለም የተቀቡ ዘንጎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ ግድ ናቸው። አንድ ብቻ ከሆነ ሞዴሉ ወደ ላይ ሲሄድ ልኬቱ ይንሸራተታል።

ቀዩን አፈር ናሙና መውሰድ ከባዱ ክፍል ነበር። ፊቱ ላይ ያለው በፀሐይ ደርቆ እንደ ሸክላ ጠንክሯል፤ ያንን ወስዶ መፈተን ውሸት ቁጥር ይሰጣል። ቢያንስ 40 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ተቆፍሮ፣ ባለ 10 ሴንቲሜትር ሳጥን ቅርጽ ተቆርጦ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በቀለጠ ሻማ ታሽጎ ነው የመጣው።

መጋቢት፣ ላቦራቶሪ

ኮር፣ ማለትም ለሙከራ የሚቆረጠው የአለት ሲሊንደር፣ የተቆረጠው በ54 ሚሊሜትር ቢት (መሰርሰሪያ) ነው። የዓለም አቀፉ የአለት መካኒክስ ማኅበር መመሪያ ዲያሜትሩ ከ54 እንዳያንስ፣ ቁመቱ ከ2.5 እስከ 3 እጥፍ እንዲሆን፣ ጫፉ ከ0.02 ሚሊሜትር በላይ እንዳይወጣጣ ይላል። ቁመቱን 135 አደረግነው። ያው መመሪያ ዲያሜትሩ ከትልቁ የአለቱ ቅንጣት 10 እጥፍ ይሁን ይላል፤ በዚህ ኢግኒምብራይት ውስጥ ግን እስከ 3 ሴንቲሜትር የሚደርሱ ጠፍጣፋ የፐሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ቁራጮች አሉ። 30 ሴንቲሜትር ኮር የሚቆርጥ ማንም የለም። ስለዚህ ውጤቱ እንደሚበታተን አስቀድሞ አውቆ ናሙና ማብዛት ነው፤ ፐሚሱ ጎልቶ የታየበትን ናሙና ለይቶ መጻፍም ያስፈልጋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍ ፐሚስ ያለበት ኮር ከሌላው በግማሽ ጭነት ተሰንጥቋል።

የመጭመቂያው ማሽን ጉዳይ። በከተማው ያሉት አብዛኞቹ ማሽኖች ለኮንክሪት ኩብ የተሠሩ 2,000 ኪሎ ኒውተን ናቸው። የእኛ ኮር ስፋቱ 2,290 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ በ38 ሜጋፓስካል (በካሬ ሚሊሜትር 38 ኒውተን) የሚሰበረው በ87 ኪሎ ኒውተን ነው፣ ማለትም ከማሽኑ አቅም ከ5 በመቶ በታች። በዚያ ጥግ ላይ ንባቡ አይታመንም። የብራዚል ሙከራው (ዲስክ ከጎኑ ተጭኖ የመወጠር ጥንካሬ የሚለካበት) ደግሞ ይብሳል፦ ዲያሜትሩ 54፣ ውፍረቱ 27 የሆነ ዲስክ በ3.4 ሜጋፓስካል ሲሰነጠቅ ጭነቱ 7.8 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው። መፍትሔው ለመጭመቁ የ100 ኪሎ ኒውተን ሎድ ሴል (ኃይል መለኪያ) በናሙናው ላይ መደረብ፣ ለብራዚሉ የአስፋልትና የአፈር ላቦራቶሪዎች ያላቸውን 50 ኪሎ ኒውተን ፕሬስ መጠቀም ሆነ።

የጭነቱን ፍጥነት በተመለከተ መመሪያው ሁለት አማራጭ ይሰጣል፦ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ እንዲሰበር፣ ወይም በሰከንድ ከ0.5 እስከ 1 ሜጋፓስካል። ለጠንካራ ባዛልት ሁለቱ ይቀራረባሉ። ለ38 ሜጋፓስካል አለት ግን አይገናኙም፤ በ0.5 ፍጥነት ናሙናው በ76 ሰከንድ ያልቃል። ደቂቃውን መረጥን፣ በሰከንድ 0.1 ሜጋፓስካል።

የያንግ ሞዱለስ (የአለቱ ግትርነት) መጀመሪያ 4 ጊጋፓስካል ወጣ። ለዚህ አለት በጣም ዝቅተኛ ነው። ምክንያቱ ስትሬኑ (የናሙናው ማጠር ከቁመቱ አንጻር) የተነበበው ከማሽኑ ሳህን እንቅስቃሴ ስለነበር ነው፤ ማሽኑ ራሱ ይለጠጣል፣ ጫፉ ላይ ያለው መገጣጠሚያም ይጨመቃል፣ ሁሉም በናሙናው ላይ ይቆጠራል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ በናሙናው ምትክ ሞዱለሱ 200 ጊጋፓስካል አካባቢ የሆነ የብረት ሲሊንደር አስገብቶ ማሽኑ ስንት እንደተንቀሳቀሰ መለካት፣ ያንን መቀነስ። ወይም ስትሬን ጌጅ በኮሩ መሃል መለጠፍ። ሁለቱም ተሠርተው 9 ጊጋፓስካል ላይ ተገናኙ።

የተመዘገበው፦ ጥግግት በሴንቲሜትር ኩብ 2.15 ግራም፣ የመጨመቅ ጥንካሬ ደረቅ 38፣ ውሃ የጠገበ 27 ሜጋፓስካል፣ የመወጠር ጥንካሬ 3.4፣ ፖይሰን ሬሾ (ሲጨመቅ ወደ ጎን የሚሰፋበት ድርሻ) 0.20። ቀዩ አፈር በሸር ቦክስ (ናሙናውን ከመሃሉ አንሸራትቶ በሚቆርጥ ሳጥን)፦ በደረቁ ኮሂዥን (አፈሩ እርስ በርሱ የሚያያዝበት ጥንካሬ) 35 ኪሎፓስካል፣ የሰበቃ አንግል 29 ዲግሪ፤ ውሃ ውስጥ ከርሞ በዝግታ ሲሸረት ኮሂዥን 10፣ አንግሉ 22።

ከሞዴሉ በፊት የእጅ ስሌት

ይህን ክፍል ማንም መዝለል የለበትም። ኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ቀለም ያሸበረቀ ሥዕል የሚፈትነው ይህ ብቻ ነው።

በ10 ሜትር ጥልቀት ያለው ስትረስ (የላዩ አለት ክብደት የሚፈጥረው ጫና) 0.21 ሜጋፓስካል ነው። አለቱ እርጥብ ሆኖ እንኳ 27 ይችላል። ስለዚህ አለቱ በክብደቱ ተጨፍልቆ አይወድቅም፤ ጉዳዩ ስንጥቁና ቀዩ ንብርብር ነው።

ከአፋፉ እስከ ኋለኛው ስንጥቅ ያለው ብሎክ በአንድ ሜትር ስፋት 798 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል፤ ግርጌው 4.12 ሜትር ነው። በደረቁ አፈር ቁጥር የሴፍቲ ፋክተሩ (የሚይዘው ኃይል ለሚያንሸራትተው ሲካፈል፤ ከ1 በታች ከሆነ ይንሸራተታል) 3 ገደማ ይሆናል፤ ይህን ያየ ሰው ሥራውን ዘግቶ ይሄዳል። በእርጥቡ ቁጥር፣ ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ሳይኖር፣ 1.83 ነው። ከዚያ ውሃ መሙላት፦ በስንጥቁ ውስጥ 3 ሜትር ውሃ ሲቆም 1.38፣ 4.5 ሜትር ሲደርስ 1.06፣ 5 ሜትር ላይ 0.97። ውሃው ከኋላ የሚገፋው በከፍታው ስኩዌር ስለሆነ የመጨረሻዋ ግማሽ ሜትር ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሜትሮች ትበልጣለች።

የመሬት መንቀጥቀጥም ተጨምሮ ታየ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሡት ተደጋጋሚ ንዝረቶች አዲስ አበባ ድረስ ስለተሰሙ ጥያቄው ከሠራተኞቹም መጥቷል። ለንጽጽር 0.05 የአግድም ኮፊሸንት (የብሎኩን ክብደት 5 በመቶ ያህል ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል) ተወስዶ፣ ውሃ በሌለበት 1.83ቱ ወደ 1.51 ወረደ። ማለትም በዚህ ገደል ላይ በዚህ መጠን ያለ መንቀጥቀጥ ከ3 ሜትር ውሃ ያነሰ ጉዳት አለው።

ሚያዝያ፣ ቅንጣቶቹን ማስተካከል

ሶፍትዌሩ ያዴ ነው፤ ነፃ ነው፣ በኡቡንቱ ላይ በቀላሉ ይጫናል፣ ትዕዛዙ በፓይተን ይጻፋል። ዘዴው ከንዳልና ስትራክ በ1979 ባቀረቡት ላይ የቆመ ነው፦ አለቱ በብዙ ሺህ ክብ ቅንጣቶች ይተካል፣ ቅንጣቶቹ በማያያዣ ይያያዛሉ፣ ማያያዣው ከአቅሙ በላይ ሲወጠር ወይም ሲሸረት ይበጠሳል። ስንጥቁ የት እንደሚሄድ ማንም አይነግረውም፤ ራሱ መንገዱን ያገኛል። ለዚህ ነው የተመረጠው።

ዋናው መሰናክል ላቦራቶሪ የሰጠው ቁጥር በቀጥታ የማይገባ መሆኑ ነው። የማያያዣው ጥንካሬ የአለቱ ጥንካሬ አይደለም። ሙከራውን በኮምፒውተር ደግሞ ሠርቶ፣ ውጤቱ ከላቦራቶሪው እስኪገጥም ቁጥሮቹን መቀየር ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ብዙ ድካም ይቀንሳል። መጀመሪያ ስቲፍነሱ (ግትርነቱ)፣ ቀጥሎ የሸር (የመንሸራተት) ስቲፍነስ ለኖርማል (ለቀጥታ መገፋፋት) ስቲፍነስ ያለው ሬሾ፣ ከዚያ የመወጠር ጥንካሬ፣ ከዚያ ኮሂዥን፣ መጨረሻ ሰበቃ። በተቃራኒው የሄደ ሰው ስቲፍነሱን በነካ ቁጥር ሁሉንም እንደገና ይጀምራል። በያዴ ውስጥ ፖይሰን ተብሎ የሚገባው ቁጥር ያ የሁለቱ ስቲፍነስ ሬሾ እንጂ የአለቱ ፖይሰን ሬሾ አይደለም፤ 0.2 አስገብተን ከናሙናው 0.19 ወጣ፣ መቀራረባቸው የአጋጣሚ ነው። ሬሾውን ወደ 1 ብታደርጉት የናሙናው ፖይሰን ወደ ዜሮ ይወርዳል።

ጥግግትም እንዲሁ። በቅንጣቶች መካከል ክፍተት አለ፤ ድርሻቸው 0.6 ከሆነ ለቅንጣቱ 2,150 ሳይሆን 3,580 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ መስጠት አለባችሁ። ይህ ካልተደረገ በትንሹ ኮር ላይ አይታወቅም። ገደሉ ላይ ግን ክብደቱ በ40 በመቶ ይጎድላል።

መጀመሪያ የተሞከረው ቅንጣቶቹ የሚነካኩትን ብቻ የሚያያይዝ ነበር። የመወጠር ጥንካሬው ከ3.4 ጋር ሲገጥም የመጨመቅ ጥንካሬው 13 ላይ ቀረ። ኮሂዥኑ ቢጨመርም ብዙ አላነቃነቀውም። ይህ የታወቀ ነገር ነው፦ ክብ ቅንጣቶች ሲጨመቁ በቀላሉ ይሽከረከራሉ፣ እንደ እውነተኛ የአለት ቅንጣት እርስ በርስ አይጠላለፉም፣ ስለዚህ የመጨመቅና የመወጠር ሬሾ ከ3 ወይም 4 አያልፍም። የእኛ አለት 11 አለው። መፍትሔው በስሌቱ የመጀመሪያ የጊዜ እርምጃ ላይ ብቻ የመያያዣውን ርቀት ማስፋት ነው፤ አንዱ ቅንጣት ሳይነካው በቅርብ ካለውም ጋር ይያያዛል። የአንዱ ቅንጣት ማያያዣዎች ከ6 አካባቢ ወደ 11 አካባቢ ሲደርሱ ሬሾው ወደ 11 ወጣ። ማስፊያውን ከመጀመሪያዋ እርምጃ በኋላ ወደ 1 መመለስ አይረሳ፤ ካልተመለሰ የተበጠሱ ቅንጣቶች ሳይነካኩ ይገፋፋሉ፣ ናሙናው ከተሰበረ በኋላ የማይሆን ጥንካሬ ያሳያል።

የቅንጣት መጠንና ጊዜ። ራዲየሱ 1 ሚሊሜትር ሲሆን ኮሩ 44,000 ቅንጣት ይወስዳል፣ የጊዜ እርምጃው ከ0.3 ማይክሮ ሰከንድ በታች ነው፣ አንድ ሙከራ ባለ 8 ኮር ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 2 ሚሊሜትር ሲሆን ቅንጣቱ አንድ ስምንተኛ ይሆናል፣ እርምጃው እጥፍ ይሆናል፣ ሥራው አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ ማስተካከሉ በ2 ሚሊሜትር፣ ማረጋገጡ በ1 ሚሊሜትር። መብራት ስለሚጠፋ በየ20,000 እርምጃው ሁኔታውን የሚያስቀምጥ መስመር በስክሪፕቱ ውስጥ ገባ፤ ዩፒኤሱ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት ብቻ ነው የሚበቃው።

አንድ ናሙና ብቻ ሠርቶ ማመን አይቻልም። ቅንጣቶቹ የሚደረደሩበት የዕጣ ቁጥር ሲቀየር ከፍተኛው ጥንካሬ በጥቂት በመቶ፣ የስንጥቁ አቅጣጫ ግን ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። በብዙ የፕሮሰሰር ኮር በአንድ ጊዜ ሲሠራ የድምሩ ቅደም ተከተል ስለሚለያይ፣ ያው ዕጣ ቁጥር ቢሰጠውም ከመሰበሩ በኋላ ያለው ሥዕል አንድ ዓይነት አይወጣም። ሥዕሉን ሳይሆን የጭነትና የስትሬን ኩርባውን እዩ።

በፋይናይት ኤለመንትም (አለቱን በተያያዙ ትንንሽ ክፍሎች መረብ በሚከፍል ዘዴ) ተሞክሮ ነበር። ከከፍተኛው ጭነት በኋላ አለቱ እየደከመ እንዲሄድ ሲታዘዝ ስብራቱ በአንድ ረድፍ ኤለመንት ውስጥ ይሰበሰባል። መሹን (የክፍሎቹን መረብ) ባሳነስነው ቁጥር ስብራቱ ቀጠነ፣ ኩርባውም ቀጥ ብሎ ወደቀ። ባዣንትና ኦ በ1983 እንዳቀረቡት የስብራት ኃይሉን ከኤለመንቱ ስፋት ጋር ማሰር ያስተካክለዋል፤ ለኮሩ በቂ ነበር። ዓምዶቹ ተገንጥለው ሲወድቁ ለመከተል ግን አይመችም፣ እዚያው ቆመ።

ግንቦት፣ ገደሉ

25 በ15 ሜትር፣ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር የሆነ ቁራጭ፣ ራዲየሱ 8 ሴንቲሜትር በሆኑ ቅንጣቶች፣ 52,000 ገደማ። እዚህ አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። በኮሩ ላይ የተስተካከለውን የማያያዣ ጥንካሬ ወደ ትልቁ ቅንጣት ስትወስዱት የመወጠር ጥንካሬው ይጠበቃል፤ አለቱ ስንጥቅ እንዳይሮጥበት የሚከላከልበት አቅም ግን በቅንጣቱ ራዲየስ ስኩዌር ሩት ያድጋል። ፖቲዮንዲና ከንዳል ይህን በ2004 በግልጽ አሳይተዋል። ከ1 ወደ 80 ሚሊሜትር ሲሄድ 9 እጥፍ ነው። ስለዚህ በትልቁ ሞዴል ውስጥ ጤናማው አለት ከእውነቱ በላይ ስንጥቅን ይቋቋማል፤ ከዚህ ሞዴል ስለ አዲስ ስንጥቅ መደምደሚያ መስጠት አይገባም። በካባው የተለኩት ስንጥቆች ራሳቸው እንደ ደካማ ገጽ ገቡ፣ ቀዩ ንብርብርም እንዲሁ፣ የእርጥቡን ኮሂዥንና ሰበቃ ይዞ።

ስበትን በአንድ ጊዜ መልቀቅ አይቻልም። ሙሉው ገደል ተሠርቶ ስበት ሲበራ ሁሉም ቅንጣት በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ የድንጋጤው ሞገድ ግርጌው ላይ ማያያዣዎችን ይበጥሳል፣ ከዚያ ገደሉ በክብደቱ የፈረሰ ይመስላል። ትክክለኛው መንገድ፦ ማያያዣዎቹ የማይበጠሱ ሆነው ስበቱን ቀስ በቀስ ማሳደግ፣ እስኪረጋ መጠበቅ፣ ከዚያ እውነተኛውን ጥንካሬ መመለስ፣ ካባውን ከላይ ወደ ታች በደረጃ መቁረጥ።

ውሃ እንደ ፈሳሽ አልተሠራም፤ በስንጥቁ ሁለት ጎን ባሉ ቅንጣቶች ላይ በጥልቀቱ ልክ የሚያድግ ግፊት ተጫነ፣ በግርጌው ላይም ወደ ላይ የሚገፋው። በ4.5 ሜትር ቆመ፣ በ5 ሜትር ተንሸራተተ። ከእጅ ስሌቱ ጋር መግጠሙ ሞዴሉን ለቀጣዩ ጥያቄ ለማመን አስቻለ።

ቀጣዩ ጥያቄ ከካባው ሥራ የመጣ ነው። ድንጋይ ለማውረድ ቀላሉ ዘዴ ቀዩን ለስላሳ ንብርብር በዶማ ከሥር መቦርቦር ነው፤ ዓምዱ ድጋፍ ሲያጣ በራሱ ይወድቃል። ዓምዱ 1.2 ሜትር ስፋት ስላለው 0.6 ሜትር ሲቦረቦር ይገለበጣል። ከጀርባው 3 ሜትር ውሃ ካለ ግን ወደ 0.4 ሜትር ብቻ ይበቃዋል፣ ከሥር ወደ ላይ የሚገፋውን ውሃ ሳንቆጥር። በበጋ በለመዱት ጥልቀት ክረምት ላይ የሚቦረብር ሰው ዓምዱ ሳይጠብቀው ይመጣበታል።

ሞዴሉ ያሳየው የባሰው ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የፊተኛው ዓምድ ሲወድቅ ቀሪው ብሎክ 2.8 ሜትር ስፋት ይቀረዋል። የኋላው የውሃ ግፊት አልተቀነሰም፤ የተቀነሰው ብሎኩን የሚይዘው ክብደት ነው። ወደ እጅ ስሌት ተመልሰን አረጋገጥነው፦ በ4.5 ሜትር ውሃ ከ1.06 ወደ 0.91፣ በ3 ሜትር ውሃ ከ1.38 ወደ 1.27። ማለትም ቆሞ የነበረው ገደል አንድ ዓምድ ስለወረደ ብቻ ሙሉው ይከተላል፤ የሚመጣውም ሰዎች የወደቀውን ድንጋይ ለመፍለጥ ከሥር በተሰበሰቡበት ሰዓት ነው። ከዚህ ሁሉ ሥራ ለካባው ሰዎች በመጀመሪያ መነገር ያለበት ይህ ነው፣ ተነግሯልም።

ሰኔ፣ ዝናቡ ሳይገባ

የተሠራው ርካሽ ነገር ነው። ከአፋፉ ጀርባ፣ ከኋለኛው ስንጥቅ አልፎ፣ ጎርፍ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ተቆፈረ። የስንጥቁ አፍ ሣሩና ልቅ አፈሩ ወጥቶ በተጠቀጠቀ ዋልካ ተደፈነ፤ ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ በላዩ 20 ሴንቲሜትር ሌላ አፈር ተደርቦበታል። ከቀዩ ንብርብር በላይ፣ ወደ ውስጥ በ5 ዲግሪ ሽቅብ፣ ስንጥቁን አልፈው የሚሄዱ 6 ሜትር ጉድጓዶች በየ3 ሜትሩ ተቦረቦሩ። ሽቅብ የሆኑት ውሃው በራሱ እንዲወጣ ነው። ቀይ ጭቃ ይደፍናቸዋል፤ የተበሳ የፕላስቲክ ቱቦ በጨርቅ ተጠቅልሎ ገብቷል፤ ይህ ቢኖርም ግማሹ ይደፈናል ብለን ነው 3 ሜትር ውሃን ለስሌት የያዝነው። ትልቁ ወጪ የኮምፕረሰሩ ኪራይና ናፍጣው ነበር፣ ከላቦራቶሪውም በለጠ።

ከሥር መቦርቦር ከሰኔ እስከ መስከረም ቀርቷል። በነዚህ ወራት ፈላጮቹ ከላይ ወደ ታች፣ በዓምዶቹ ስንጥቅ ሽብልቅ እያስገቡ ያወርዳሉ። አዝጋሚ ነው፣ ገቢውም ይቀንሳል፤ ይህን ሳይነግሩ ማስቆም አይቻልም፣ ተነጋግረው የተስማሙበት ነው።

ክትትሉ፦ በስንጥቁ በሁለት በኩል ብረት ተተክሎ በሦስት ቦታ በካሊፐር ርቀቱ ይለካል፤ በበጋ በሳምንት፣ በክረምት ጠዋት ጠዋት። ካሊፐሩ ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ሰዓቱም አንድ ይሁን፤ በቀንና በሌሊት ሙቀት መካከል ብረቱም አለቱም ስለሚለዋወጥ ንባቡ በጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትር ይዋልላል። ያንን እንቅስቃሴ ብሎ መደናገጥም፣ እውነተኛውን ሙቀት ነው ብሎ ማለፍም አደገኛ ነው። ለዚህ ካባ የተቀመጠው ወሰን በቀን 1 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወይም ለተከታታይ ሦስት ቀን ፍጥነቱ ከጨመረ ከሥር ያለው ሥራ ይቆማል።

ቀሪ ሥራ፦ ሞዴሉ ቁራጭ ስለሆነ ብሎኩ በጎን በኩል የሚያዝበትን አይቆጥርም። በምሥራቁ ጫፍ ገደሉን የሚያቋርጥ ሁለተኛ የስንጥቅ ስብስብ አለ፤ ያ ጎኑን ነፃ ካደረገው ቁራጩ ትክክል ነው፣ ካልሆነ ከመጠን በላይ ተጠንቅቀናል። ከመስከረም በኋላ በ10 ሜትር ስፋት በሦስት አውታር ይሠራል፤ ቅንጣቱ ከአንድ ሚሊዮን ስለሚያልፍ ራዲየሱን ወደ 12 ሴንቲሜትር ማሳደግ ወይም ጤናማውን አለት በማይሰበሩ ብሎኮች መተካት አለበት። ሁለተኛው የተሻለ ይመስላል፣ ምክንያቱም በዚህ ገደል አለቱ ራሱ አይሰበርም።